በመንግሥት ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት መምህር ሆኖ መሥራት፦ የዕለቱ ሥራ ምን ይመስላል?

ጥያቄ፦ ከ«አዲስ ተመዳቢ»

ሰላም ለሁላችሁም። በመንግሥት ትምህርት ቤት የመደበኛ ክፍል መምህር ሆኜ ጥቂት ዓመታት ካስተማርኩ በኋላ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ሠልጥኜ፣ በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን የትምህርት ቤታችንን የድጋፍ ክፍል እንድረከብ ተመድቤአለሁ። ወደዚህ ሥራ የመጣሁት ፈልጌው ነው። ይሁን እንጂ ሥልጠናው ስለ ጉዳት ዓይነቶች፣ ስለ መንስኤዎቻቸውና ስለ መለያ ምልክቶቻቸው ብዙ ሲያስተምረኝ፣ መምህሩ ጠዋት ወደ ክፍሉ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ምን ምን እንደሚሠራ ግን እምብዛም አላሳየኝም።

የምረከባቸው ልጆች ዕድሜያቸውም ፍላጎታቸውም የተለያየ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው፣ በሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት ሳቢያ በሚመጣ የሰውነት እንቅስቃሴ ችግር) ምክንያት ንግግራቸው ለሰሚ የሚያስቸግር፣ እንዲሁም እይታቸው ዝቅተኛ የሆነ ይገኙባቸዋል። አንዳንዶቹ ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር ይውላሉ፤ ሌሎቹ ግን በመደበኛ ክፍል ተመዝግበው ለተወሰኑ ክፍለ ጊዜያት ብቻ ወደ እኔ ይመጣሉ።

ሦስት ጉዳዮች ያሳስቡኛል። የመጀመሪያው ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻው የሚጻፈው የግል የትምህርት ዕቅድ ነው፤ እስካሁን ያየኋቸው ዕቅዶች በዓመቱ መጀመሪያ ተጽፈው ፋይል ውስጥ የሚቀሩ ስለሆኑ፣ ዕቅዱ በየቀኑ የሚሠራበት እንዲሆን ምን መደረግ አለበት? ሁለተኛው የሥራ ባልደረቦቼን ይመለከታል፤ ገና ክፍሉን ሳልረከብ ልጆቹን «ያንተ ተማሪዎች» የሚሉኝ መምህራን አሉ፤ ልጆቹ ከመደበኛው ክፍል ኃላፊነት ጨርሰው እንዳይወጡ እፈራለሁ። ሦስተኛው ባህሪ ነው፤ አንድ ልጅ ሲጮኽ፣ ሲማታ ወይም ራሱን ሲጎዳ፣ ሌሎቹ ልጆችም እየተመለከቱ ባሉበት፣ ምን ማድረግ ይገባኛል? በዚህ ሥራ የቆያችሁ ብትመልሱልኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከ«የድጋፍ ክፍል መምህርት»

ወንድሜ፣ እንኳን ወደዚህ ሙያ በደህና መጡ። ረጅም መልስ ስለምጽፍ ይታገሡኝ፤ ስለ ዕቅዱ ያነሡት ጥያቄ ልቤን ነክቶኛል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ማንኛውንም ዕቅድ ከመጻፍዎ በፊት የእያንዳንዱ ልጅ ዓይንና ጆሮ መመርመሩን ያረጋግጡ። «የአእምሮ እድገት ውስንነት» የሚለው ስያሜ ፋይሉ ላይ ከተጻፈ በኋላ ልጁ የማይመልሰው ሁሉ ከዚያ የመጣ ይመስላል። ለምሳሌ ዳውን ሲንድሮም ባለባቸው ልጆች ዘንድ ከመካከለኛው ጆሮ ፈሳሽ ጋር የተያያዘ የመስማት ችግር በጣም የተለመደ ነው፤ የእይታ ችግርም እንዲሁ። ትእዛዝ አይቀበልም የተባለ ልጅ ትእዛዙን በደንብ ያልሰማ ሊሆን ይችላል። እንደዚሁም በክፍል ውስጥ ለጥቂት ሴኮንዶች ፍዝዝ ብሎ የሚቀርና ከዚያ ምንም እንዳልሆነ የሚቀጥል ልጅ ካለ፣ ትኩረት የለውም ብሎ ከማለፍ ይልቅ ለቤተሰቡና ለሐኪም ማሳወቅ ይገባል፤ የሚጥል በሽታ አንዱ ዓይነት የሚገለጠው እንዲህ ነውና።

ወደ ዕቅዱ ልምጣ። የግል የትምህርት ዕቅድ በሕግ ግዴታ ሆኖ በሰፊው የታወቀው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ካወጣችው ሕግ ወዲህ ሲሆን፣ ዓላማውም ትምህርት ቤቱ ለዚህ ልጅ ምን ሊያስተምር ቃል እንደገባ በጽሑፍ እንዲታወቅና እንዲጠየቅበት ነበር። ዕቅዱ ፋይል ውስጥ የሚቀረው ይህ ቃል በደበዘዘ አነጋገር ሲጻፍ ነው። «የማንበብ ችሎታው ይሻሻላል» የሚል ግብ ነገ ጠዋት ምን እንደሚያስተምሩ አይነግርዎትም፤ በዓመቱ መጨረሻም ተሳክቷል ወይም አልተሳካም ለማለት አያስችልም። በአንጻሩ «አሥር ባለ ሦስት ፊደል የታወቁ ቃላት በካርድ ሲቀርቡለት፣ በሦስት ተከታታይ ቀናት ስምንቱን ያለ እርዳታ ያነባል» የሚል ግብ ምን እንደሚቀርብ፣ ልጁ ምን እንደሚያደርግና መቼ በቃ እንደሚባል ይናገራል። ከዚህ ዓረፍተ ነገር ፊት ደግሞ ልጁ ዛሬ ስንቱን እንደሚያነብ መጻፍ አለበት፤ መነሻው ሳይታወቅ የተጻፈ ግብ ወይ ልጁ አስቀድሞ የሚያውቀው ነው፣ ወይ ሊደርስበት የማይችለው።

ግቦቹም ጥቂት ይሁኑ። ብዙ ግብ የተዘረዘረበት ዕቅድ ለተቆጣጣሪ ደስ ይላል እንጂ በአንድ ክፍለ ጊዜ ከበርካታ ልጆች ጋር የሚሠራ መምህር ሁሉንም ሊከታተል አይችልም። ለእያንዳንዱ ልጅ ጥቂቶቹን መርጠው፣ ግቡ ከላይ፣ ቀኑና ውጤቱ ከታች የሚጻፍበት አንድ ገጽ አዘጋጅተው ከዕለት ማስተማሪያዎ ጋር ያኑሩት። በየዕለቱ ሁለት ምልክት ብቻ ይበቃል፦ ልጁ በራሱ ሠርቷል ወይስ በእገዛ? ውጤቱ ለሳምንታት ከቆመበት ካልተንቀሳቀሰ መለወጥ ያለበት የእርስዎ አሠራር ነው፤ ብዙውን ጊዜም ደረጃው ሰፍቶ ስለተገኘ ነው።

ደረጃን ማጥበብ የዚህ ሙያ ዋነኛ ጥበብ ይመስለኛል። እጅ መታጠብ ለእኛ አንድ ድርጊት ነው፤ ለልጁ ግን ቧንቧ መክፈት፣ እጅ ማራስ፣ ሳሙና መያዝ፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ቧንቧ መዝጋትና ማድረቅ ነው። ብዙ ልጆች ከመጨረሻው ወደ ኋላ ሲማሩ ይቀልላቸዋል፤ ሌላውን ሁሉ አብራችሁ ሠርታችሁ ማድረቁን ለእሱ ብቻ ይተዉለታል፤ እሱን ሲችል መዝጋቱን ይጨምሩለታል። እንዲህ ሲሆን ልጁ በየጊዜው ሥራውን የሚጨርሰው ራሱ ስለሚሆን የመጨረስን ደስታ ከመጀመሪያው ቀን ያገኛል።

በእገዛ ላይ ግን ጠንከር አድርጌ ላስጠንቅቅዎ። ልጁን መርዳት መልካም ስለሚመስል እጁን ይዘን ስናጽፍ፣ መልሱን በዓይናችን ስንጠቁም፣ ከመጠየቃችን በፊት ስናቀብለው እንውላለን፤ በዓመቱ መጨረሻ ልጁ የተማረው እኛን መጠበቅ ይሆናል። ስለዚህ ማንኛውም እገዛ ሲጀመር እንዴት እንደሚቀነስ አብሮ ይታሰብ፤ ዛሬ እጁን ይዘው፣ ቀጥሎ ክርኑን ነካ አድርገው፣ ከዚያ በምልክት ጠቁመው፣ በመጨረሻም ዝም ብለው ይጠብቁ። መጠበቁ ከሁሉ ይከብዳል፤ ጥያቄ ጠይቆ ለአንዳንድ ልጅ አሥር ሴኮንድ ዝም ማለት ለመምህር በጣም ረጅም ነው፤ ለልጁ ግን ጥያቄውን ተረድቶ መልሱን የሚያዘጋጅበት ጊዜ ነው።

መልስ፦ ከ«የምልክት ቋንቋ መምህር»

ከእኔ በፊት የጻፉት እህታችን ስለ ዕቅድ ያሉትን ሁሉ እጋራለሁ። እኔ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ልናገር።

«ያንተ ተማሪዎች» የሚለው አነጋገር በጊዜ ካልታረመ ወደ አሠራር ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1994 በስፔን ሳላማንካ ከተማ የ92 መንግሥታት ተወካዮች ተሰብስበው ያወጡት መግለጫ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ሁሉንም ልጆች እንዲቀበሉ የጠየቀ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 24 አካቶ ትምህርትን፣ ማለትም አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከሌሎቹ ጋር አብረው የሚማሩበትን ትምህርት፣ መብት አድርጎታል። መብቱ ግን ልጁ በመደበኛ ክፍል መዝገብ ላይ ስሙ በመጻፉ ብቻ አይከበርም። ስሙ እዚያ ተጠርቶ፣ ትምህርቱን በድጋፍ ክፍል ብቻ የሚማር ልጅ አሁንም ውጭ ነው።

ባልደረቦችዎን በስብሰባ ንግግር ለማሳመን ከመድከም ይልቅ በየክፍሉ ወዲያው የሚሠራ ትንሽ ነገር ይዘው ይሂዱ። መምህሩ ብዙውን ጊዜ የሚሸሸው ልጁን ጠልቶ ሳይሆን ምን እንደሚያደርግ ስለማያውቅና በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ሌላ ሸክም ስለሚፈራ ነው። ዝቅተኛ እይታ ላላት ተማሪ ለምሳሌ መምህሩ በሰሌዳ የሚጽፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ፣ ብርሃኑ ከፊቷ ሳይሆን ከኋላዋ ወይም ከጎኗ እንዲመጣ፣ ፈተናዋም በትልልቅና በደማቅ ጽሑፍ እንዲዘጋጅ ብቻ ይጠይቁ። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ንግግሩ ስላልተሰማ አስተሳሰቡ ዝቅ ያለ ነው ተብሎ እንዳይገመት፣ መልሱን በመጠቆም ወይም ከአማራጮች በመምረጥ እንዲሰጥ ያድርጉ፤ እግሩም መርገጫ አግኝቶ ደልደል ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ሰውነቱን ሚዛን ለማስጠበቅ የሚታገል ልጅ እጁንም ትኩረቱንም ለትምህርቱ ማዋል ያዳግተዋል። እነዚህ የመምህሩን የዝግጅት ጊዜ እምብዛም አይነኩም፤ ልጁ ሲመልስለት ካየ ደግሞ ቀሪውን ራሱ ይጠይቅዎታል።

ሌላው ትኩረት የሚሻው የክፍለ ጊዜ ድልድል ነው። ልጁ ወደ እርስዎ የሚመጣው በምን ሰዓት ነው? ዘወትር ከስፖርት፣ ከሥዕል ወይም ከሙዚቃ እየወጣ ከሆነ ከእኩዮቹ ጋር እኩል ሊሆንበት የሚችለውን ሰዓት ወስደንበታል ማለት ነው። ዘወትር ከሒሳብ እየወጣ ከሆነ ደግሞ የሒሳቡ መምህር ጨርሶ ይረሳዋል። በተቻለ መጠን እርስዎ ወደ መደበኛው ክፍል ቢገቡ ይሻላል፤ ገብተውም ከአንድ ልጅ አጠገብ ብቻ አይቀመጡ። ለሌሎቹም ይርዱ፤ አለዚያ ልጁ ጠባቂ እንደተመደበለት ይታያል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አካቶን በሚመለከት በአንድ ነጥብ ከብዙዎች እለያለሁ። መስማት ለተሳነው ልጅ፣ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በሌለበት መደበኛ ክፍል መቀመጥ አካቶ አይደለም፤ ልጁ በሰዎች ተከቦ ብቻውን ይውላል። መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ስለሆነ፣ ብዙዎቹ ትምህርት ቤት የሚደርሱት የተሟላ ቋንቋ ሳይኖራቸው ነው። ቋንቋን የሚያገኙት በቋንቋው ከሚነጋገሩ እኩዮችና አዋቂዎች መካከል ሲኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምሩ መምህራን የምልክት ቋንቋ ከክፍል ወጥቶ በንግግር ብቻ እንዲተካ ወሰኑ፤ በርካታ አገሮችም ተከተሉት፤ ውሳኔው ተገቢ እንዳልነበረ ተገልጾ በይፋ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2010 በቫንኩቨር በተካሄደው ተመሳሳይ ጉባኤ ነበር። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ስንት ልጆች እጃቸው ታስሮ እንደተማሩ ሳስብ ያመኛል። የተጠቀሰው የ2006 ስምምነትም የምልክት ቋንቋ ትምህርትን በስም ጠቅሶ ማካተቱ ለዚህ ነው። ስለዚህ ወደፊት መስማት የተሳነው ተማሪ ከተላከልዎ፣ የትኛው ክፍል ይቀመጥ ከማለትዎ በፊት ከማን ጋር ይነጋገራል ብለው ይጠይቁ።

መልስ፦ ከ«የባህሪ ድጋፍ»

ሦስተኛውን ጥያቄ እኔ ልውሰድ፤ አብዛኛው ሥራዬ ኦቲዝም ካለባቸው ተማሪዎች ጋር ነው።

ግርግሩ በተነሣበት ሰዓት የሚደረገው ጥቂት ነው። ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ቃላት ይቀንሱ፤ ብዙ ሰው አይክበበው። ልጁን ጎትቶ ከማውጣት ይልቅ ሌሎቹን ልጆች ማውጣት ብዙ ጊዜ ይቀላል፤ ለዚህም ሌሎቹ ልጆች ምልክት ሲያዩ ወዴት እንደሚሄዱ አስቀድመው የተለማመዱት መንገድ ይኑር። ጭንቅላቱን የሚመታ ከሆነ ለስላሳ ነገር በመሃል ያስገቡ። በዚያ ሰዓት ምክር፣ ተግሣጽና ጥያቄ ጥቅም የላቸውም፤ መስማት በማይችልበት ሁኔታ ላይ ነው። መምታትና ማሰር ደግሞ ከናካቴው የሚታሰቡ አይደሉም።

ዋናው ሥራ ያለው ከግርግሩ በፊት ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል እያንዳንዱን ክስተት ይመዝግቡ፦ ከድርጊቱ በፊት ምን ሆነ፣ ልጁ በትክክል ምን አደረገ፣ ከዚያ በኋላ ምን ተከተለ። «ተናደደ» ብለው አይጻፉ፤ «ደብተሩን ወርውሮ ከጠረጴዛው ሥር ገባ» ብለው ይጻፉ። መዝገቡ ሲከማች ድርጊቱ ለልጁ ምን እንደሚያስገኝለት ይታያል፤ ባብዛኛው የሰው ትኩረት፣ ከከበደው ሥራ ማምለጫ፣ የሚፈልገው ነገር ወይም የሰውነት ስሜት ነው። ሥራ በቀረበለት ቁጥር ደብተር የሚወረውርና ከክፍል የሚባረር ልጅ የሚፈልገውን አግኝቷል፤ ማባረሩ ቅጣት መስሎን እኛ እንቀጥላለን፤ እሱም ይቀጥላል። እንዲህ ላለው ልጅ ሥራውን ማሳጠርና «ዕረፍት» የሚል ካርድ ሰጥቶ ማስተማር፣ ካርዱን ሲያነሣም ወዲያው ዕረፍቱን መስጠት ይገባል። ካርዱ ከመወርወር ፈጥኖ ካላገለገለው ወደ መወርወሩ ይመለሳል።

ሁለት ነገሮች ልጨምር። የቀኑን ቅደም ተከተል በሥዕል አድርገው በልጁ ዓይን ትይዩ ይለጥፉ፤ ለውጥ ካለ፣ ሰልፉ ቢቀር ወይም ሌላ መምህር ቢመጣ፣ ሥዕሉን ከእሱ ጋር ሆነው አስቀድመው ይቀይሩ። አብዛኛው ችግር የሚነሣው ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው በሚታለፍበት ሰዓት ነው። ሁለተኛም፣ ተረጋግቶ የነበረ ልጅ በድንገት ራሱን መምታት ከጀመረ መጀመሪያ ሕመም ይጠርጠር፤ ጥርስ፣ ጆሮ፣ ሆድ። መናገር የማይችል ልጅ የጆሮ ሕመሙን የሚነግረን ጆሮውን በመደብደብ ሊሆን ይችላል።

መልስ፦ ከ«የተማሪ እናት»

መምህር አይደለሁም፤ ልጄ ኦቲዝም ያለበትና በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር ስለሆነ ከወላጅ ወገን አንድ ሐሳብ ልስጥ። ወደ ትምህርት ቤት የምንጠራው ብዙውን ጊዜ ልጃችን ሲያጠፋ ነው፤ ስልኩ ሲጠራ ልባችን ይደነግጣል። መምህር፣ ልጁ ያስቸገረበትን ቀን ከማሳወቅዎ በፊት አንድ የቻለውን ነገር ነግረውን ቢሆን፣ በኋላ የሚነግሩንን ክፉ ዜና እንደ ከሳሽ ቃል አንሰማውም። ዕቅዱንም ተጽፎ ካለቀ በኋላ ለፊርማ ብቻ አታቅርቡልን። ልጄ በቤት ውስጥ ምን እንደሚያረጋጋው፣ ምን ሲሰማ ጆሮውን እንደሚይዝ፣ ውኃ ሲፈልግ እጄን ይዞ ወዴት እንደሚወስደኝ የማውቀው እኔ ነኝ። ግቦቹን ስትመርጡም ለኑሮው የሚጠቅመውን አስቀድሙልን፤ ለእኔ ልጄ እስከ ሃምሳ ከመቁጠሩ በፊት ሽንት ቤት መሄድ እንደሚፈልግ ማስታወቅ መቻሉ ይበልጥብኛል።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ከ«አዲስ ተመዳቢ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እናታችን ስለ ዕቅዱ የጻፉትን ተቀብዬ፣ ክፍሉን ስረከብ ዕቅድ ከመጻፌ በፊት እያንዳንዱን ቤተሰብ ለማነጋገር ወስኛለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ንግግሩ ለሰሚ ለሚያስቸግረው ተማሪ የሥዕል ሰሌዳ አዘጋጅቼ በመጠቆም እንዲነጋገር አስቤ ሐሳቡን ለቤተሰቡ ባነሣላቸው፣ «መጠቆም ከለመደ መናገሩን ይተወዋል» ብለው ሰጉ። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

መልስ፦ ከ«የድጋፍ ክፍል መምህርት»

ሥጋታቸው በየቦታው የሚገጥም ነው፤ በአክብሮት ሊሰማ ይገባል። በዚህ ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግን በሥዕል፣ በምልክት ወይም በድምፅ መሣሪያ መነጋገር ንግግርን እንደሚያዳክም አላሳዩም፤ እንዲያውም በአንዳንድ ልጆች ላይ ንግግር ሲጨምር ታይቷል። ምናልባትም ምክንያቱ፣ የሚናገረው ለሰሚ ሳይገባ ሲቀር በልጁ ላይ የሚደርሰው ጭንቀት ስለሚቀንስ ይሆናል፤ ሥዕሉ በተጠቆመ ቁጥርም ቃሉን ከሰው አፍ ይሰማል።

ለቤተሰቡ ሰሌዳው የንግግሩ ምትክ ሳይሆን አጋዥ መሆኑን ይንገሯቸው፤ ልጁ ሲናገር ማንም «ጠቁም» ብሎ እንዳያቋርጠው፣ የተናገረው ካልተሰማ ብቻ ሰሌዳውን እንዲያቀርቡለት ይስማሙ። ሰሌዳው ላይ «እፈልጋለሁ» ብቻ አይኑር። «አልፈልግም»፣ «አመመኝ»፣ «አልገባኝም»፣ «ድገምልኝ» እና የክፍል ጓደኞቹ ስም ይኑርበት፤ ልጅ የሚነጋገረው ዕቃ ለመጠየቅ ብቻ አይደለምና። እርስዎም ሲያናግሩት በዚያው ሰሌዳ ላይ እየጠቆሙ ይናገሩ፤ ማንም ሲጠቀምበት ያላየውን መሣሪያ ልጁ ብቻውን እንዲለምደው መጠበቅ አይቻልም። አንድ ቅጂ በመደበኛው ክፍል፣ አንድ በድጋፍ ክፍሉ፣ አንድም በቤት እንዲኖር ያድርጉ፤ በድጋፍ ክፍሉ ብቻ ከቀረ ልጁ የሚነጋገረው ከእርስዎ ጋር ብቻ ይሆናል።